ግድግዳው ላይ የተለጠፈችው ወረቀት

ተመርቃችሁ ሥራ ፍለጋ ላይ ላላችሁ ልጆቼ፣ እንደምን ከረማችሁ።

ባለፈው እሑድ ደብረ ማርቆስ እህቴ ቤት ቡና ልጠጣ ሄድኩ። ልጇ በኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ከተመረቀ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ሰላም ልበለው ብዬ ክፍሉ ስገባ ግድግዳው ላይ አንዲት ወረቀት ተለጥፋለች። በቀይ እስክሪብቶ «እኔ ሚሊየነር ነኝ» ትላለች። ከሥሯ ቀን ተጽፏል። ቀኑ ካለፈ አራት ወር ሆኖታል። አልጋው ሥር ደግሞ ጎኑ የተቃጠለ ዲቫይደር በናስትሮ ተጠቅልሎ ተጋድሟል።

«ጋሼ፣ እየሳቁብኝ ነው?» አለኝ።

አልሳቅኩም። ቀኑ ሲያልፍ ምን እንደተሰማው ጠየቅኩት። «እምነቴ ጎድሎ ይሆናላ» አለኝ። ይችን መልስ ይዤ ነው ወደ ቤቴ የተመለስኩት። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁም በእሷ ሰበብ ነው።

ጠረጴዛው ላይ የነበሩትን መጻሕፍት ተውሼ ሄድኩ። ስድስት ናቸው። አብዛኞቹ ትርጉም፣ መናኸሪያው አካባቢ መሬት ላይ ተዘርግተው የሚሸጡት ዓይነት። ጡረተኛ ነኝ፣ ጊዜ ሞልቶኛል፤ ሁሉንም አነበብኳቸው። እውነት ለመናገር ሲያነቧቸው ደስ ይላሉ። ማታ አንበሳ ያደርጋሉ። ጠዋት ግን አንበሳው የለም። የስድስቱም ፍሬ ነገር አንድ ነው፦ አጥብቀህ ካሰብከው፣ እንዳገኘኸው ሆነህ ከኖርክ፣ ይመጣል። ካልመጣስ? በደንብ አላመንክም ማለት ነው። የምጣላቸው እዚህ ላይ ነው። እንዲህ ያለ መጽሐፍ መቼም አይሸነፍም። ከተሳካ ምስጋናው የመጽሐፉ፣ ከከሸፈ ጥፋቱ ያንተ።

እኔ ሠላሳ ዓመት የሠራሁት አፈር ላይ ነው። ከደጀን እስከ ዳንግላ ያልቆፈርኩበት ወረዳ ጥቂት ነው። አንድ ጊዜ እንጅባራ አካባቢ አንድ ገበሬ ማሳ ላይ ቆመናል። ገብሱ ከቁርጭምጭሚት አላለፈም፤ ቅጠሉ ወደ ወይን ጠጅ ሄዷል። ሰውየው ደህና ገበሬ ነው። ደጋግሞ አርሷል። ማዳበሪያውን ካለፈው ዓመት እጥፍ አድርጎ ጨምሯል፣ ያውም በብድር። ከእኔ በፊት የመጡ አንድ ኃላፊ «አመለካከትህን ቀይር፣ ጠንክረህ ሥራ» ብለውት ሄደዋል። (አመለካከት የሚለው ቃል ያን ጊዜ በየስብሰባው የማይጠፋ ነበር።) አንዱን ነቅዬ ሥሩን አሳየሁት። አጭር፣ ወፍራም፣ ጫፉ የዶለዶመ ሥር። አፈሩን ወስደን ስንለካ ፒኤቹ፣ የአሲድነቱ ልክ ማለት ነው፣ 4.7 ሆነ።

ቁጥሩ ምን እንደሚል ልንገራችሁ። አፈር ከ5.5 ሲወርድ ውስጡ ያለው አሉሚኒየም ይሟሟና ሥር ይመርዛል። ፎስፈረሱንም አፈሩ አንቆ ይይዘዋል። ማዳበሪያ ብትደፉበት አብዛኛው እዚያው ይቀራል፣ ተክሉ ጋ አይደርስም። ልኬቱም የዋዛ አይደለም፤ አንድ ቁጥር በወረደ ቁጥር አሲዱ አሥር እጥፍ ይጨምራል። መድኃኒቱ የተፈጨ ኖራ ነው። እንደ አፈሩ ክፋት በሄክታር ሃያም ሠላሳም ኩንታል፣ ከዘር በፊት ቀደም ብሎ ተበትኖ ከአፈሩ ጋር ይታረሳል። ይህን ሁሉ አስረዳሁት። ዝም ብሎ ሲሰማኝ ቆየና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«እንግዲያ እኔ ሰነፍ አይደለሁማ!»

ኖራው በዚያ ዓመት አልደረሰለትም፤ የሚያመጣው መኪና ጠፋ። አሲዱን የሚችሉትን እንግዶና ግብጦ ዘርቶ ዓመቱን ተሻገረ። ያ ፊቱ ግን ዛሬም ድረስ ከዓይኔ አልጠፋም።

የእህቴ ልጅም ያን ገበሬ ነው የሆነብኝ። ለአንድ ክፍት ቦታ መቶ ሰው ሲሰለፍ፣ መንገድ ተዘግቶ ለፈተና ሳይደርስ ሲቀር፣ ኔትወርክ ጠፍቶ ማመልከቻው ሳይላክ ሲያድር ጥፋቱን ራሱ ላይ ይደፋዋል። የእሱ የሆነም ጥፋት አይጠፋም፤ እሱን ኋላ እመጣበታለሁ። ግን ሳይለኩ ማን ያውቃል?

«ጋሼ፣ ቢያንስ ማሰቡ አይጎዳም» ትሉኝ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ። ጋብሪኤሌ ኧቲንገን የምትባል ጀርመናዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ አለች። እ.ኤ.አ. በ2002 ከባልደረባዋ ጋር ባወጣችው ጥናት ሥራ የሚፈልጉ ተመራቂዎችን ተከታትላለች። ጥሩ ሥራ አግኝተው ሲኖሩ አዘውትረው በሐሳብ ይስሉ የነበሩት፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ሲታዩ፣ ያስገቡት ማመልከቻ ያነሰ፣ ያገኙት የሥራ ጥሪ ያነሰ፣ ደመወዛቸውም ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በአንጻሩ ሥራ እንደሚያገኙ የገመቱት፣ «የምችለውን አውቃለሁ፣ ይሳካልኛል» ያሉት፣ የተሻለ ሆነላቸው። ልዩነቱን አያችሁ? ግምት ካለፈ ልምድ ይነሳል። ምኞት ግን ጠግቦ ያድራል። አእምሮ የበላ ይመስለዋል፤ እግር ደግሞ የጠገበ ሰው እግር ይሆናል፣ አይነሳም። አባቶቻችን ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ያሉት ያለ ጥናት ነው።

ጸሎት ሌላ ነው። የሚጸልይ ሰው «ፈቃድህ ይሁን» ይላል። መጻሕፍቱ «ፈቃዴ ይሁን» ነው የሚሉት።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ምሳሌ የሚያደርጓቸው ሰዎች። ሁሉም የተሳካላቸው ናቸው። ፋግታ ለኮማ ወረዳ ዲከረንስ የሚባለውን ግራር ተክለው ከሰል አክስለው ቤት የሠሩ፣ ልጅ ያስተማሩ ገበሬዎች አሉ። ብልህ ሥራ ነበር፤ የደከመ መሬት ላይ ገንዘብ አበቀሉ። ያኔ የስኬት መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው ቢመጣ ስንት ምዕራፍ ያገኝ ነበር! ኋላ ዛፉን የዝገት በሽታ መታው። ቀድሞ ቆርጦ የሸጠውም፣ ዛፉ ቆሞ የደረቀበትም እኩል ያምኑ ነበር። መጽሐፍ ውስጥ የሚገባው ግን ቀድሞ የሸጠው ነው።

አባቴ በልጅነታቸው ዋሸራ ቅኔ ተምረዋል። ተማሪው ቅኔ ሲቆጥር ይውልና ሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይዞ የኔታ ፊት ይቆማል። የኔታ በጓደኞቹ ፊት ያፈርሱበታል፤ እዚህ ምሥጢሩ የለም፣ እዚህ ሰሙ ከወርቁ አልገጠመም። አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል፤ በማግሥቱ ሌላ ይቆጥራል። ባለቅኔ ነኝ እያልክ እደር ያለው ሰው የለም። አባቴ ይህን ሲያወሩ ይስቁ ነበር። ያኔ እንዳለቀሱ ግን እናቴ ነግራኛለች።

የእህቴን ልጅ መጻሕፍቱን ልመልስለት ስሄድ፣ ወረቀቷን እንዲቀዳድዳት አልነገርኩትም። ገልብጣትና በጀርባዋ የሚያግድህን ጻፍ አልኩት። ኧቲንገንም የምትመክረው ይህንኑ ነው፤ ምኞትህን ካየህ በኋላ እንቅፋቱን እይ። ተቆጣ መሰለኝ፣ ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ጻፈ። ሲቪው ከተመረቀ ወዲህ አልታደሰም። ቃለ መጠይቅ ላይ በእንግሊዝኛ ሲጠይቁት ይደነግጣል። ከአራት ሰዓት በፊት አይነሳም። ለወንበሩ ሰው አዘጋጅተው ማስታወቂያ የሚያወጡም አሉ፤ እሱንም ጻፈው፣ ልክ ነው። አምስተኛው ላይ እስክሪብቶውን አቆመና አልጋው ሥር አየ።

«ጋሼ፣ ቤት ቴስተር አለዎት?»

የእኔ ከተበላሸ ቆይቷል። ከጎረቤት ቴስተርና ካቻቢቴ ተውሼ ማታውን ላክሁለት።