የበዓል ብር ቤት ውስጥ ይወራ፣ ለጅማ ወጣቶች

ልጆቼ እንደምን ናችሁ። እድሜዬን ሙሉ ጅማ ውስጥ በሂሳብ ሙያ ሰርቼ አሁን ጡረታ የወጣሁ እናታችሁ ነኝ። መጀመሪያ ቡና ነጋዴዎች ጋር ነበርኩ፣ ከዛ ቁጠባና ብድር ማህበር ገባሁ፣ ስለዚህ የሰው ብር በየትኛው ወር እንደሚገባ በየትኛው ወር እንደሚያልቅ ቀርቤ ነው ያየሁት። ይሄን ምፅፈው አዲስ ስራ ለያዛችሁ፣ አዲስ ጎጆ ለወጣችሁ፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳችሁ የመጀመሪያ ደሞዛችሁን ይዛችሁ በዓል ሊመጣባችሁ ለሆነ ልጆች ነው። ቆጥቡ ብዬ ላሰለቻችሁ አይደለም፣ እሱን ሁሉም ይላችኋል። እኔ ምላችሁ ስለ በዓል ብር ቤት ውስጥ በግልፅ አውሩ ነው፣ ገበያ ሳይወጣ በፊት፣ ሁሉም ባለበት።

ለምን እንደምል ልንገራችሁ። ማህበሩ ውስጥ ብድር ጠያቂ ሚበዛው ነሐሴ መጨረሻና ከፋሲካ በፊት ባሉት ሳምንታት ነበር። ፎርሙ ላይ ለበዓል ብሎ ሚፅፍ ሰው የለም፣ ለቤት ጥገና ይላል፣ ለልጆች ትምህርት ይላል፣ ቁጭ ብለን ስናወራ ግን በጉ ነው፣ ቅቤው ነው፣ ገጠር ላለችው እናት ሚላከው ነው። ይሄ በራሱ ነውር የለውም፣ ሰው ተበድሮም በዓል ያከብራል። ሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። ባል ብቻውን ይመጣና "እሷ እንዳትሰማ" ይላል፣ ሳምንት ሳይሞላ ሚስት ትመጣለች እሷም "እሱ እንዳያውቅ" ትላለች፣ ለአንድ ቤት ለአንድ በዓል ሁለት ብድር ማለት ነው። እሱ ጎደለበት እንዳይባል ነው፣ እሷም ቤቷ እንዳያፍር ነው፣ ሁለቱም ለፍቅር ብለው ነው ግን በዓሉ ካለፈ በኋላ ወር በገባ ቁጥር ተደባብቀው እዳ ይከፍላሉ። አንድ ማታ ቁጭ ብለው ቢያወሩ ኖሮ ምናልባት አንዱም ብድር ባላስፈለገ ነበር።

ደሞ በዓል እኮ ድንገት አይመጣም። ሰርግ ድንገት ይጠራል፣ ለቅሶ ድንገት ይመጣል፣ እንቁጣጣሽ ግን መስከረም 1 ነው መስቀል መስከረም 17 ነው ገና ታህሳስ 29 ነው፣ በአራት አመት አንዴ ብቻ 28 ይሆናል። ደሞዝተኛ የሆናችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ፣ አመቱ 13 ወር ነው ደሞዝ ግን ለ12 ወር ነው ሚከፈለው። ከነሐሴው ደሞዝ እስከ መስከረሙ ደሞዝ 35 ቀን ነው፣ ጳጉሜ 6 በምትሆንበት አመት 36። በነዚህ ቀናት ውስጥ የቤት ኪራይ አለ፣ የልጆች ምዝገባ አለ፣ ደብተርና ዩኒፎርም አለ፣ አዲስ አመት አለ፣ መስቀልም አለ፣ ሁሉም በዛችው አንድ ደሞዝ። ብዙ ወጣት መስከረም ላይ "ብሬ የት ገባ" ይላል፣ የትም አልገባም ወሩ ነው የረዘመው። ይሄን በግንቦት በሰኔ የሚያውቅ ሰው ትንሽ ትንሽ ያስቀምጣል፣ ነሐሴ 30 ላይ ሚያውቅ ሰው ግን ዱቤ ሱቅ ነው ሚሄደው።

እኛ አገር ደሞ የራሳችን ጣጣ አለ። ጅማ በቡና ነው ምትኖረው፣ ገበሬው ብቻ ሳይሆን ባለሱቁም ሹፌሩም ልብስ ሰፊውም ቡናን ጠብቆ ነው ሚያድረው። ቀይ ቡና ለቀማ ጥቅምት አካባቢ ይጀምርና እስከ ታህሳስ ይዘልቃል፣ ከፍ ባለው ቦታ ጥርም ይገባል። እንቁጣጣሽ ሲመጣ ቡናው ዛፍ ላይ አረንጓዴ ነው፣ ዝናቡም አላባራም፣ ከተማው ውስጥ ብር የለም። ገና ላይ ግን ኪስ ሁሉ ሙሉ ነው። ታዲያ ምን ይሆናል፣ ገና ላይ ሁለት በግ ያረደ ሰው ፋሲካ ላይ ዶሮ በዱቤ ይፈልጋል። ከዚህ የባሰም አለ፣ ክረምት ላይ ለበዓልና ለትምህርት ቤት ብሎ ዛፍ ላይ ያለ ቡናውን በርካሽ ለነጋዴ ቀድሞ ሚሸጥ ገበሬ አለ፣ ሂሳቡን ስሰራ አየው ነበር፣ ለቅሞ ቢሸጠው ሚያገኘውንና ያን ጊዜ የተቀበለውን ሳወዳድር ሆዴን ነበር ሚበላኝ። በዛ ብር የተገዛ የመስከረም በግ እውነተኛ ዋጋው ሚታወቀው ህዳር ላይ ቡናው ሲለቀም ነው።

ደግነቱ መፍትሄውንም ከገበሬው ነው የተማርኩት። ቡና አምራች ወደሆኑት ወረዳዎቻችን ማና ጎማ ሊሙ ሂዱና ጠይቁ፣ አስተዋይ የሆነ ገበሬ ቡናውን በሙሉ ቀይ እሸት እያለ አይሸጥም። የተወሰነውን አድርቆ ጀንፈል አድርጎ በኬሻ ቤቱ ያስቀምጣል፣ ፋሲካ ሲደርስ አንድ ኬሻ ያወጣል፣ መስከረም ላይ ለልጆች አንድ ኬሻ ያወጣል። ባንክ ቤት ሳይሄድ አመቱን ለበዓላቱ አከፋፍሎታል ማለት ነው። ደሞዝተኛም ነጋዴም ብትሆኑ የናንተ ጀንፈል ይኑራችሁ፣ እቁብም ይሁን ሌላ የቁጠባ ደብተር ይሁን፣ ዋናው የገናው ብር የፋሲካውን እንዳይበላው ነው።

ዒድና አረፋ ለምታከብሩ ልጆቼ ደሞ ነገሩ ትንሽ ይለያል፣ የናንተ በዓል በየአመቱ 11 ቀን ገደማ እየቀደመ ስለሚመጣ አንዳንዴ የቡና ብር ላይ ያርፋል አንዳንዴ ክረምት ላይ። 2017 ላይ ዒድ አልፈጥር መጋቢት 21 ነበር ፋሲካ ደሞ ሚያዝያ 12፣ ሶስት ሳምንት ነው መሀላቸው፣ ሁላችንም እዛው አንድ ገበያ ላይ ነበርን፣ በግ ተራው ሽንኩርት ተራው እንዴት እንደነበር ታስታውሳላችሁ። እንደዚህ ሲገጥም ገበያ ቀድሞ መግባት ነው ሚያዋጣው።

አሁን ወደ ቤት እንግባ፣ ዋናው ነገር እዛ ስለሆነ። አብዛኛው ቤት ውስጥ የበዓል አስቤዛ እንዲህ ነው ሚሆነው። አባወራው ብር ቆጥሮ ይሰጣል፣ ሚሰጠው ግን ባለፈው አመት ዋጋ ነው፣ ገበያ ስለማይወርድ ጭንቅላቱ ውስጥ ያለው የአምናው ዘይት የአምናው ሽንኩርት ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደሞ ዘይትን የመሰለ ከውጪ ሚገባ ነገር በአምናው ዋጋ አስቦ መድረስ አይቻልም። እሷ ብሩን ታየዋለች፣ እንደማይበቃ ታውቃለች፣ ግን "ያለውን ሰጥቶኝ እንዴት አልበቃም ልበለው" ብላ ዝም ትላለች። ከዛ ከጎረቤት ትበደራለች፣ ወይ ከወር ቀለቡ ትቀንሳለች፣ ወይ ዱቤ ደብተር ላይ ታስፅፋለች። በበዓሉ ቀን ሁሉ ነገር ሞልቶ ይታየዋል፣ "አየሽ በቃ እኮ" ይላታል። በሚቀጥለው አመትም ያንኑ ይሰጣል። ይሄ ዝምታ ስንት ትዳር እንዳጎሳቆለ እኔ ነኝ ማውቀው፣ ልጆቼ እባካችሁ አትውረሱት።

እንዴት ይወራ ካላችሁኝ፣ ከበዓሉ ወር ሲቀረው ሁለታችሁም አብራችሁ አንድ ሐሙስ ገበያ ውጡ፣ አትግዙ ዋጋ ብቻ ጠይቁ። ለምሳሌ ዶሮ ሲባል ዶሮዋ ብቻ አይደለችም፣ ለአንድ ዶሮ ሁለት ሶስት ኪሎ ሽንኩርት አለ፣ በርበሬ አለ፣ ቅቤ አለ፣ እንቁላል አለ፣ ብዙ ወንድ ይሄን ሲደምር የመጀመሪያው ነው። ደምራችሁ ካያችሁ በኋላ ማታ ቁጭ በሉና ያለው ይሄ ነው በሉ። ካልበቃ ምን ይቅር ሚለውን አብራችሁ ወስኑ፣ አብራችሁ ያስቀራችሁት ነገር አያሳፍርም። ልጆችም ይስሙ፣ የዘንድሮ ልብስ ለመስቀል ሳይሆን ለገና ነው ብሎ ቀድሞ የተነገረው ልጅ ይጠብቃል፣ ያልተነገረው ልጅ ነው በበዓል ቀን ሚያለቅሰው።

በዓሉ ይቅር ግን አልልም። አመት ሙሉ ሽሮ የበላ ቤት ፋሲካ ላይ ዶሮ ይብላ፣ 55 ቀን ፆሞ የወጣ ሰው ደስ ይበለው። ምቃወመው ለሰው አይን ሚወጣውን ነው። አንድ በግ ሚበቃው ቤት ጎረቤት ሁለት ስላሰረ ብቻ ሁለት ያስራል፣ ፍሪጅ የሌለው ቤት ደሞ ያን ሁሉ ስጋ ምን ያደርገዋል። ለኔ ቀድሞ መገዛት ያለበት ሰው ሚያገናኘው ነገር ነው። ጅማ ውስጥ ሙስሊም ጎረቤታችን ለገና ቤታችን ሲመጣ ስጋችንን አይበላም፣ እኛም ለአረፋ ሄደን የነሱን አንበላም፣ ሚያቀራርበን ድፎ ዳቦው፣ ቆሎው፣ ለስላሳው፣ ቡናው ነው። ወጪው ከበጉ ጋር ሲተያይ ምንም ነው፣ ግን ስንት ቤት ነው በግ ገዝቶ ለዳቦ ዱቄት ብር ሚያልቅበት። አረፋ ላይ ሚታረደው እንኳ በልማድ አንድ ሶስተኛው ለችግረኛ አንድ ሶስተኛው ለዘመድ ጎረቤት ነው፣ ያልቻለ ሰው ተበድሮ እንዲያርድም አይገደድም፣ ይሄን ሙስሊም ልጆቼ ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

የግዢ ነገር ካነሳሁ አይቀር፣ ቅቤ በፆም አጋማሽ ግዙ። ፈላጊው ትንሽ ስለሆነ ዋጋው ይቀንሳል፣ ተረጋግታችሁ አይታችሁ አሽትታችሁ ትመርጣላችሁ፣ በኮረሪማ አንጥራችሁ ካስቀመጣችሁት ለፋሲካ ይደርሳል፣ ኮረሪማውስ የራሳችን አገር አይደል። በዋዜማ ምትገዙት ቅቤ ውስጥ ምን እንደተቀላቀለ ማን ያውቃል። በርበሬ በበጋ ጥር የካቲት ላይ አዘጋጁ፣ የጅማ ክረምት በርበሬ አያደርቅም። ዶሮ ግቢ ያላችሁ ከሁለት ሶስት ሳምንት በፊት ገዝታችሁ አስቀምጡ። ሽንኩርት ግን ለመስከረም ብላችሁ ነሐሴ ላይ ብዙ አትግዙ፣ በእርጥበቱ ይበሰብስባችኋል።

ስራ ይዛችሁ ከቤተሰብ ራቅ ብላችሁ ያላችሁ ልጆች ደሞ፣ በዋዜማ ማታ በቴሌብር ብር መላክ ደስ ይላል፣ እናታችሁም ትመርቃችኋለች፣ ግን ያን ሰአት እሷ ቀድማ በዱቤ በዋዜማ ዋጋ ገዝታ ጨርሳለች። ያንኑ ብር ሶስት ሳምንት ቀድማችሁ ብትልኩት ብዙ ይገዛላታል። ካልሞላላችሁ ደሞ ቀድማችሁ ደውሉና "እማዬ ዘንድሮ ምልከው ይሄን ያህል ነው" በሏት፣ እናት በልጇ ትንሽ ብር አታፍርም፣ ተስፋ አድርጋ ጠብቃ ስታጣ ነው ሚከፋት። ቤት ያላችሁትም ቶርታ ኬክ ይዛችሁ ከመግባታችሁ በፊት ምን ጎደለ ብላችሁ ጠይቁ፣ ኬክ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ማጀት ውስጥ ዘይት ያለቀበት ቤት አይቻለሁ።

የመጨረሻው የቅርጫ ጉዳይ ነው። ቅርጫ ጥሩ ነገር ነው፣ በሬ ለብቻው መግዛት ማይችል ሰው ለበዓል ስጋ ያገኝበታል፣ ስለዚህ ወጣቶች ሰፈራችሁ ውስጥ እናንተ አስተባብሩት፣ ስልክም ሂሳብም ከአዛውንቱ በላይ ትችላላችሁ። ግን ብሩን በበዓሉ ሳምንት አትሰብስቡ፣ ከሶስት አራት ወር በፊት ጀምራችሁ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ሰብስቡ፣ ማን ምን ያህል እንደከፈለ ፅፋችሁ ያዙ። ቆዳው ሂሳብ ውስጥ አይግባ፣ ድሮ ወጪ ይደጉም ነበር አሁን ግን ገዢ ጠፍቶ ሰው ሚጥለው ነገር ሆኗል። ሙሉ መደብ ማለትም ሙሉ ድርሻ ማይችል ቤት ግማሽ መደብ ይያዝለት፣ ይሄንንም በስብሰባ ላይ ጮክ ብላችሁ አትጠይቁት፣ ቤቱ ሂዱና ለብቻው ጠይቁት፣ ደብተሩ ላይም ከሌላው እኩል ስሙን ፃፉት።