ከቲቲፒ ድኛለሁ፤ ታዲያ ለምን እረሳለሁ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ38 ዓመት ሴትና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ቲቲፒ የሚባል የደም በሽታ ይዞኝ ሆስፒታል ተኝቼ ነበር። ፕላዝማ፣ ማለትም የደሜ ፈሳሽ ክፍል፣ ተቀይሮልኝ ዳንኩ። ከዚያ ወዲህ ግን ጭንቅላቴ እንደ ድሮው አይደለም። ወጥ ጥጄ እረሳለሁ፣ የሰው ስም ይጠፋኛል፣ ሥራ ቦታ ሁለት ነገር ባንዴ ከጠየቁኝ ይምታታብኛል። ድካሙ ደግሞ አይጣል ነው። ባለቤቴ “ሐሳብ ስለምታበዢ ነው” ይለኛል። ፕላትሌትሽ ደህና ነው ስለተባልኩ ክትትሉን ካቆምኩ ዓመት ሊሆነኝ ነው። ለደሜ ብዬ የቀይ ሥር ጭማቂ እጠጣለሁ፣ እንዳይረጋ ደግሞ አስፕሪን እወስዳለሁ። ባለፈው ወር አንድ ቀን ግማሽ ሰዓት ያህል አፌ ተሳስሮብኝ ነበር፤ ተኝቼ ስነሳ ለቀቀኝ። እናቴ ያረፈችው በመርሳት በሽታ ነው። እኔም ወደዚያው እየሄድኩ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር፤ እንቅልፍ የነሳዎት እሱ ነውና። የጻፉልኝ ነገር የእናትዎን በሽታ አይመስልም። ያ በሽታ በ38 ዓመት ዕድሜ እምብዛም አይታይም። ሲመጣም ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያስተውለው ታማሚው ሳይሆን ቤተሰቡ ነው። እርስዎ ግን ምን እንደሚረሱም፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነም ጥንቅቅ አድርገው ነግረውኛል። መነሻው ቲቲፒው ነው ብዬ እገምታለሁ። ባለቤትዎም ይስሙኝ፦ ነገሩ ሐሳብ ከማብዛት ያለፈ ነው።

በደማችን ውስጥ አዳምትስ 13 የሚባል ኢንዛይም አለ። ፕላትሌት የሚባሉትን ደም የሚያረጉ ጥቃቅን ሕዋሳት የሚያጣብቀውን ረጅም ፕሮቲን እንደ መቀስ ይቆራርጠዋል። በቲቲፒ ጊዜ በአብዛኛው የሰውነት መከላከያ ራሱ ይህን ኢንዛይም ያጠፋዋል። ፕሮቲኑ ሳይቆረጥ ይቀራል፣ ፕላትሌት ይለጠፍበታል፣ ጥቃቅን የረጋ ደም በየቀጫጭኑ ደም ሥር ይሰነቀራል። አንጎልም አይቀርለትም። ድሮ፣ ፕላዝማ መቀየር ሳይጀመር፣ ከ10 ታማሚዎች 9ኙ ያህል ይሞቱ ነበር። ዛሬ አብዛኛው ሰው ይተርፋል። ከተረፉት ብዙዎቹ ግን ከዓመታት በኋላም የማስታወስና ትኩረት የመሰብሰብ ችግር፣ ድካምና ድብርት እንዳለባቸው በጥናት ታይቷል። ስለዚህ ብቻዎን አይደሉም፣ አእምሮዎንም እየሳቱ አይደለም። ድብርቱ ደግሞ ይታከማል። ድብርት ሲቀንስ የማስታወስ ችሎታም የሚሻሻልበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ስለዚህ ለሐኪምዎ ለመናገር አይፈሩ።

አሁን ግን ልቆጣዎት ነው። በአንድ መስመር ያለፏት ግማሽ ሰዓት አለች። አፍዎ ተሳስሮ፣ ተኝተው ሲነሱ ለቀቀዎት። እኔ እሷን ማለፍ አልቻልኩም። ቲቲፒ የነበረበት ሰው ድንገት ንግግር ሲጠፋው ሌላ ነገር መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ጊዜያዊ ስትሮክ ነው ብለን እንይዘዋለን። ማለፉ ምንም ማለት አይደለም፤ ጊዜያዊ ስትሮክ ያልፋል፣ ተከትሎት የሚመጣው ግን ላያልፍ ይችላል። ወጡን መርሳትዎ ሁለት ዓመት የቆየ፣ ቀስ ያለ ነገር ነው፣ ቀጠሮ ይጠብቃል። ድንገት የመጣ ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። አፍ መተሳሰር፣ ፊት ወደ አንድ ጎን መጣመም፣ አንድ እጅ ወይም እግር መስነፍ፣ ዓይን ድንገት መጋረድ፣ ግራ መጋባት፣ ከዚህ በፊት ታይቶ የማያውቅ ኃይለኛ ራስ ምታት፦ ከነዚህ አንዱን ካዩ 911 ይደውሉ። አይተኙ። መኪና ራስዎ አይንዱ። “ትንሽ ልየው” አይበሉ። ቆዳ ላይ ያለ ምክንያት የሚወጣ ብልዝና የመርፌ ጫፍ የሚያህል ቀይ ነጠብጣብ፣ ሽንት እንደ ኮካ መጥቆር፣ የዓይን ቢጫ መሆን በሽታው መመለሱን ሊያሳዩ ይችላሉ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ይሂዱ። ኢመርጀንሲ ሲገቡ የመጀመሪያው ቃልዎ “ቲቲፒ ነበረብኝ” ይሁን። ባለቤትዎም ይህችን ቃል በቃላቸው ይያዟት፤ እርስዎ አፍዎ ከተሳሰረ የሚናገሩት እሳቸው ናቸው።

ያለፈው ወር ነገርም ወር ስላለፈው አልተዘጋም። ይህን እንዳነበቡ ነገ ሳይሉ ይታዩ። የአንጎል ኤምአርአይ ያስፈልጋል፣ የደም ምርመራም።

“ፕላትሌትሽ ደህና ነው” የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያዘናጋል። ፕላትሌት ደህና ሆኖ አዳምትስ 13 ዝቅ ሊል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ የጆንስ ሆፕኪንስ ጥናት ከበሽታው ካገገሙ ሰዎች መካከል ይህ ኢንዛይም ያነሰባቸው ለስትሮክ ይበልጥ የተጋለጡ እንደነበሩ አሳይቷል። ስለዚህ የደም ሐኪምዎ በመጀመሪያው ዓመት በየጥቂት ወሩ፣ ከዚያ በኋላም በየስድስት ወሩ ወይም በዓመት አንዴ ኢንዛይሙን መለካት አለባቸው። በጣም ከወረደ በሽታው ሳይመለስ ሪቱክሲማብ የሚባል መድኃኒት ይሰጣል። አንድ ዓመት ያህል ሳይለካ መቆየቱ ነው እኔን ያስደነገጠኝ። ሥራ፣ ልጆች፣ ኢንሹራንስ፣ ሁሉም ይገባኛል። ቢሆንም ይሄ የሚታለፍ አይደለም። የደም ግፊትዎንም ያስለኩ፤ ከቲቲፒ በኋላ ከፍ የሚልባቸው ብዙ ናቸው።

አስፕሪኑን ማን አዘዘልዎት? ለአንዳንድ ታማሚዎች ሐኪም ያዘዋል፣ እውነት ነው። ግን ፕላትሌት ሲወርድ ደም ያፈሳል፣ የጎደለውን ኢንዛይምም አይተካም። የሚወስዱትን መጠንና ከስንት ጊዜ ጀምሮ እንደሆነ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ይቀጥል ወይም ይቁም የሚለውን እሱ ይወስን። የቀይ ሥር ጭማቂው ምግብ ነው፣ ከወደዱት ይጠጡ፤ ለቲቲፒ ግን መድኃኒት አይሆንም።

ለመርሳቱ ደግሞ እስከዚያው፦ ምድጃው ላይ ድስት ሲጥዱ ስልክዎ ላይ ሰዓት ይሙሉ። ከባዱን ሥራ ጠዋት ያድርጉት። አለቃዎ መመሪያውን በጽሑፍ እንዲሰጥዎት ይጠይቁ። ሐኪምዎ የማስታወስና የትኩረት ፈተና እንዲያዝልዎት ያድርጉ። ፈተናው በእንግሊዝኛ ብቻ ከሆነ ግን ቃል ሲጠፋዎት ከሕመሙ ይሁን ከቋንቋው አይለይም። አሜሪካ ውስጥ አብዛኛው ሆስፒታል ያለ ክፍያ አስተርጓሚ ማቅረብ ግዴታው ነው። ቀጠሮ ሲይዙ የአማርኛ አስተርጓሚ እንደሚፈልጉ በዚያው ስልክ ይንገሯቸው።