«ደብዳቤ ይዘህ ና» እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

የሰሞኑ ጥያቄዎች በሆስፒታልና በጋዜጠኛ መካከል ስላለው ንትርክ ናቸው።

የመንግሥት ሆስፒታል የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ነኝ። የመኪና አደጋ በደረሰ ቁጥር ሌሊት ስልኬ ይጮኻል። ምን ልበል?

ቁጥሩን ይንገሩ፤ ስንት ሰው እንደገባ፣ ስንቱ ሪፈር እንደተጻፈለት፣ ደም ያስፈልግ እንደሆነ። ስም ግን አይስጡ። ቤተሰብ መርዶ ከሬዲዮ መስማት የለበትም። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ይፋ ሲደረግ የ48 ዓመት ጃፓናዊ መሆኑና ከቡርኪና ፋሶ መምጣቱ ተነገረ። ስሙ አልተጠራም፤ የጎደለብን ነገርም የለም። በትንሽ ከተማ ግን «የ30 ዓመት የባንክ ሠራተኛ» ማለት ስም ከመጥራት አይተናነስም።

ጋዜጠኛ ነኝ። ኦክስጅን አልቋል የሚል ጥቆማ ደርሶኝ ሆስፒታሉን ብጠይቅ «የታካሚ ምስጢር ነው፤ ደብዳቤ ይዘህ ና» አሉኝ። ይዤ ስሄድ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው።

ያቺን ስብሰባ አውቃታለሁ፤ አታልቅም።

ምስጢሩ የታካሚው ነው እንጂ የሆስፒታሉ አይደለም። ኦክስጅን መኖር አለመኖሩ፣ ሲቲ ስካኑ ከተበላሸ ምን ያህል እንደቆየ፣ አስታማሚ ለምን መድኃኒት ከውጭ እንደሚገዛ፣ ይሄ ሁሉ የማንም ካርድ ላይ የለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የሰውን ገመና ይጠብቃል፤ በአንቀጽ 29 ደግሞ የሕዝብ ጉዳይ የሆነ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጣል። የመጀመሪያውን እየጠሩ ሁለተኛውን መዝጋት ለታካሚ ማሰብ አይደለም፤ ጉድን መሸፈን ነው።

በመረጃ ነፃነት አዋጅ 590/2000 መሠረት መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት። ስለዚህ ደብዳቤህን ስታስገባ ቅጂው ላይ የመዝገብ ቤት ማኅተምና ቁጥር አስመታ፤ አለዚያ «አልደረሰንም» ትባላለህ። ከከለከሉህ ለበላይ ኃላፊው፣ እሱም ካልሆነ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት በል።

ለሆስፒታሎችም አንድ ነገር ልበል። «እያጣራን ነው፤ 10 ሰዓት ላይ እንነግራችኋለን» ጥሩ መልስ ነው። 10 ሰዓት ላይ ስልኩ ከተነሳ።

ጋዜጠኛን ቡና መጋበዝ ጉቦ ነው?

ቡናው ይጠጣ፤ ፖስታው ይቅር።

ነርስ ነኝ። ካሜራ ይዘው ዋርድ ገቡ። ታካሚዋ «እሺ» ብላለች ተባልኩ።

ግሉኮስ እየተንጠባጠበላት፣ ሐኪሟ አጠገቧ ቆሞ ምን ትበል? እምቢ ብትል ሕክምናዋ እንደማይጓደል አስቀድሞ ይነገራት፤ ከተስማማች ትፈርም። የጎረቤት አልጋዎችም አይቀረጹ።

እናቴ ሳታውቅ ሆስፒታል ውስጥ ተቀርጻ ቲክቶክ ላይ ወጣች።

ለእኔ ከመጻፍዎ በፊት ጠበቃ ጋ መሄድ ነበረብዎት፤ ዛሬውኑ ይሂዱ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 የጤና መረጃን ጠንከር አድርጎ ይጠብቃል። ቪዲዮው ሳይጠፋም ሊንኩንና ስክሪንሾቱን ያስቀምጡ።