መልስ፦ ለኬክ ቤት ታፔላ ወፍራምና ጫፉ ክብ የሆነ ፎንት

ሰላም ወንድሜ። ደሴ ፒያሳ ለሚከፈት ኬክ ቤት ታፔላ ወፍራም፣ ጫፉ ክብ ያለ ፎንት ፈልገህ፣ ናኒቶ በሚባለው ፎንት ላይ አማርኛው እምቢ አለኝ ብለሃል። አብሽር፣ ኮምፒውተርህ ደህና ነው። ናኒቶም ሆነ ሌላው ጫፉ ክብ ፎንት ፍሬዶካ የግዕዝ ፊደል የላቸውም። ስለዚህ ወይ ባዶ ሳጥን ታያለህ፣ ወይ ፕሮግራሙ ሳይነግርህ ሌላ ፎንት ይተካል።

እኔ ብሆን ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን ፎንት እወስዳለሁ። ነፃ ነው፣ ለንግድም ይፈቀዳል። ጫፉ ክብ አይደለም፤ እሱን አንተ ታመጣዋለህ። ኢንክስኬፕ በሚባለው የሥዕል ፕሮግራም ላይ ጽሑፉን ወደ ቅርጽ ቀይረው። ከዚያ በራሱ ቀለም ዙሪያውን ስትሮክ (የጠርዝ መስመር) ስጠውና የስትሮኩን ማዕዘን ክብ አድርግ። የውጭው ሹል ጫፍ ሁሉ ይለሰልሳል። ስትሮኩ ራሱ ስለሚያወፍረው ከፎንቱ በጣም ወፍራም ዓይነት ከብላክ አትነሳ፤ ቀጠን ያለው ሚዲየም ይበቃል።

ዋናው ጣጣ ሌላ ነው። «ደሴ ኬክ ቤት» የሚለውን ልብ ብለህ እየው፤ ሴ፣ ኬ፣ ቤ እግራቸው ላይ ትንሽ ቀለበት አላቸው። ፊደሉ ሲወፍር መጀመሪያ የምትደፈነው እሷ ናት። ያኔ ከመንገድ ማዶ «ደሲ ኪክ ቢት» ተብሎ ይነበብልሃል። የደሴ ልጅ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አግኝቶ ዝም አይልም! ቀዳዳዋን በእጅህ ሰፋ አድርጋት፣ ፊደሎቹንም ትንሽ አራርቃቸው። ታፔላው ማታ የሚበራ ከሆነ የባሰ ሰፋ ይበል፤ መብራቱ ቀዳዳውን ይውጠዋል። ለሠሪው ከመስጠትህ በፊት ወረቀት ላይ አሳትመህ ግድግዳው ላይ ለጥፍና ከማዶ ሆነህ እየው።