ቲነር ያለበት ክፍል በሙሉ ዞን 1 ነው ወይ?

ወንድሜ፣ ብዙ ሰው ጥያቄህን ሳይጨርስ እየመለሰ ስለሆነ ባጭሩ ልድገመው። ጎንደር ውስጥ 8 በ6 ሜትር በሆነ፣ ቁመቱ 3.5 ሜትር፣ ጣሪያው ቆርቆሮ በሆነ ክፍል ቫርኒሽና ቲነር መቀላቀል ልትጀምር ነው። አንድ 500 ሊትር መቀላቀያና አሥር በርሜል ቶሉይንና ዋይት ስፒሪት (ሁለቱም የሚቀጣጠሉ ማቅጠኛ ፈሳሾች) አለህ። አንዱ ኤሌክትሪሻን «ክፍሉ በሙሉ ዞን 1 ነው፣ መብራቱ ሳይቀር ኤክስ (ትነት እንዳያቀጣጥል ተደርጎ የተሠራ) ይሁን» አለህ፤ ሌላው «መስኮት ካለ ይበቃል» አለህ። ሁለቱም ክፍሉን አዩ እንጂ ትነቱ ከየት ወጥቶ ወዴት እንደሚሄድ አልተከተሉም።

ዞን ማለት የሚፈነዳ ትነት አንድ ቦታ ላይ ምን ያህል ደጋግሞ እንደሚገኝ የሚያሳይ ደረጃ ነው፤ ለክፍል አይሰጥም። አይኢሲ 60079 ክፍል 10-1 የተባለው ዓለም አቀፍ የኤሌክትሪክ ደረጃ የሚልህ መጀመሪያ ትነት የሚወጣበትን ነጥብ ሁሉ አንድ በአንድ ጻፍ ነው። መቀላቀያው ውስጥ ከፈሳሹ በላይ ያለው ባዶ ቦታ ትነት አይለየውም፤ እሱ ዞን 0 ነው። ክዳን ሲከፈት ወይም ጣሳ ሲሞላ የሚወጣው በየቀኑ የሚጠበቅ ስለሆነ ዙሪያው ዞን 1 ይሆናል። የፓምፕ ሲልና የቫልቭ ጋስኬት በጤናቸው አያፈሱም፤ ሲበላሹ ብቻ ስለሆነ ዞን 2። ቀጥሎ አየሩን ታያለህ። አየር የማይነቃነቅበት ጥግ ላይ ያለ ዞን 2 ወደ ዞን 1 ከፍ ይላል፤ ከወለል በታች ያለ ጉድጓድና ቦይም እንዲሁ። የቶሉይን ትነት ከአየር ከሦስት እጥፍ በላይ ይከብዳል፣ እንደ ውሃ ወደ ዝቅታ ይወርዳል። መስኮቱ ደረት ላይ ከሆነ ለዚህ ሥራ እንደሌለ ቁጠረው።

ርቀቱን ለመጀመር የአሜሪካው የእሳት መከላከያ ማኅበር (ኤንኤፍፒኤ) ደንብ 30 ለበርሜልና ጣሳ መሙያ የሚሰጠውን ውሰድ፦ ከመሙያው አፍ በሁሉም አቅጣጫ 90 ሴንቲ ሜትር ዞን 1፣ ከዚያ እስከ 1.5 ሜትር ዞን 2፣ በተጨማሪም ወለሉ ላይ እስከ 3 ሜትር ድረስ በ45 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ዞን 2። ይህ ግን አየሩ በቂ ሲሆን ብቻ ነው።

በቂ የሚባለው ስንት ነው? አንድ ሊትር ቶሉይን ጎንደር ላይ ተንኖ ሲያልቅ ወደ 295 ሊትር ትነት ይሆናል፤ ባሕር ጠለል ላይ ቢሆን 230 አካባቢ ነበር። የቶሉይን ዝቅተኛ የመፈንዳት መጠን 1.1 በመቶ ስለሆነ፣ ያ አንድ ሊትር 27 ሜትር ኩብ አየር ለፍንዳታ ያደርሳል፤ 3 በ3 በ3 የሆነች ክፍል ማለት ነው። ከዚያ መጠን ሩብ በታች ለማቆየት 107 ሜትር ኩብ ይፈልጋል። አየር ደግሞ እኩል አይቀላቀልምና በአራት አባዛው፤ በሰዓት አንድ ሊትር የሚተን ከሆነ 430 ሜትር ኩብ በሰዓት ይመጣል። ስንት እንደሚተንብህ ለማወቅ የገባውን ጥሬ ዕቃና የወጣውን ምርት መዝን፤ የጎደለውን ኪሎ ለ0.87 አካፍለው፣ ሊትሩን ታገኛለህ። ከዚህ ሌላ ያው ኤንኤፍፒኤ ለእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ወለል በደቂቃ 0.3 ሜትር ኩብ ይጠይቃል፤ ለአንተ 48 ካሬ በሰዓት 864 ይሆናል። ትልቁን ያዝ፤ በሰዓት ከሁለት ሊትር በላይ ካልተነነብህ 900 የሚስብ ማራገቢያ ግዛ። መሳቢያው አፍ ከወለል 30 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ይሁን፤ ንጹሕ አየር የሚገባው በተቃራኒው ግድግዳ። ሁለቱ ጎን ለጎን ከሆኑ አየሩ እዚያው ይዞራል እንጂ መቀላቀያው ጋ አይደርስም።

አሁን መብራት። ሲጠፋ ማራገቢያው ይቆማል፣ ትነቱ ግን አይቆምም፤ ሲመለስ ሁሉም ሞተር ባንዴ ይነሳል፣ መጥፎው ሰዓት ያ ነው። ስለዚህ መቀላቀያውን በተራ ማብሪያ አታስነሳው፤ ስታርት ስቶፕ ያለው ኮንታክተር (በኤሌክትሪክ የሚያዝ ማብሪያ) ይሁን፣ መብራት ሲመለስ በራሱ እንዳይነሳ። ኮንታክተሩንም የአየር ፍሰት ስዊች ይያዘው። ከማራገቢያው ኮንታክተር ጋር ብቻ ብታያይዘው ቺንጊያ ሲበጠስ ሞተሩ ይዞራል፣ አየር የለም፣ መቀላቀያው ይሠራል። በ900 ሜትር ኩብ የክፍልህ አየር ሦስት ጊዜ ለመቀየር ከግማሽ ሰዓት ትንሽ በላይ ይፈጃል፤ መቀላቀያው ማራገቢያው ያን ያህል ከሠራ በኋላ ብቻ እንዲነሳ ታይመሩን በዚያ ሙላው። ጄኔሬተሩ ከነማብሪያው ውጭ።

የከፍታው ነገር እዚህ አገር ብዙም አይነሳም። ጎንደር ከተማው ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነ የአየር ግፊቱ ወደ 79 ኪሎ ፓስካል ነው። ኤክስ መሣሪያ በመደበኛነት የሚፈተነው ከ80 እስከ 110 ኪሎ ፓስካል ላለ ቦታ ነው፤ ተራ ሞተርም እስከ 1,000 ሜትር። ቀጭን አየር ሞተርን በደንብ አያበርድምና የገጹ ሙቀት ይጨምራል፤ ሻጩን ለ2,200 ሜትር የሚሆን ማረጋገጫ በጽሑፍ ጠይቀው። ፍላሽ ፖይንትም (ትነቱ መቀጣጠል የሚችልበት ዝቅተኛ ሙቀት) ግፊቱ በቀነሰ ቁጥር በያንዳንዱ ኪሎ ፓስካል ሩብ ዲግሪ ይወርዳል። ወረቀቱ ላይ 38 ዲግሪ የሚል ዋይት ስፒሪት አንተ ጋ 32 ወይም 33 ነው። በመጋቢትና ሚያዝያ ቆርቆሮ ስር ያንን ማለፍ ቀላል ስለሆነ «ይሄ እንኳን አይቀጣጠልም» ብለህ ከዞን ሥዕሉ አታውጣው።

የኤሌክትሪክ ዕቃውን ኤክስ ከማድረግ በፊት ከዞን አውጣው፤ ርካሹ መንገድ ያ ነው። ብሬከሩ፣ ሶኬቱና ማብሪያው ቀዳዳ ከሌለው ግድግዳ ጀርባ ይሂዱ። ጣሪያ ላይ ያለው መብራት ከመሙያው አፍ ከ1.5 ሜትር በላይ ከራቀና አየሩ ከላይ እንዳልኩት ከሆነ ከዞን ውጭ ነው፤ እዚህ ላይ የመጀመሪያው ኤሌክትሪሻን አብዝቷል። ዞን 1 ውስጥ የግድ የሚቀረው የመቀላቀያው ሞተር ነው፤ ታርጋው ላይ «ጂቢ» የሚል ደረጃ (ለዞን 1 የሚሆን) እና ቲ3 ወይም ቲ4 (የገጹ ሙቀት ጣሪያ) ፈልግ። ሳጥኑ ኤክስ ሆኖ የኬብል ግላንዱ (ኬብሉ ወደ ሳጥኑ የሚገባበት ማሰሪያ) ተራ ፕላስቲክ ከሆነ ኤክስነቱ እዚያው አበቃ።

ሌላው ሁሉ ተስተካክሎ ስታቲክ (በመፋተግ የሚጠራቀም ኤሌክትሪክ) ብቻውን ያቃጥላል፣ በተለይ በበጋው ደረቅ አየር። ቶሉይን ሲፈስ ቻርጅ ይይዛል፣ ቶሎ አይለቅም። በርሜሉንና መቀላቀያውን በሽቦ አገናኝተህ ከግራውንድ እሰር። የክላምፑ ጥርስ ቀለሙን ፍቆ ብረቱን መንከስ አለበት፤ ቀለም ላይ የተቀመጠ ክላምፕ ጌጥ ነው። በሜትር ለካው፣ ከ10 ኦም በላይ ካሳየ እንደገና ፋቅ። የመሙያ ቱቦውን እስከ ታች አውርደው፣ ጫፉ እስኪሰጥም ፍጥነቱ በሰከንድ ከ1 ሜትር አይበልጥ። የዘይት ፕላስቲክ ጀሪካን ለቶሉይን በፍጹም፤ ግራውንድ የሚታሰርበት የለውም።

ባዶ በርሜልም ሥዕሉ ላይ ይግባ። 25 ዲግሪ ላይ ትንሽ ቶሉይን የቀረበት የተዘጋ በርሜል ውስጥ ያለው ትነት እዚህ ወደ 4.8 በመቶ ነው፤ ከ1.1 እስከ 7.1 ባለው የመፈንዳት ክልል መሐል ማለት ነው። ለውሃ ወይም ለምድጃ ብሎ በግራይንደር የሚቆርጠው ሰው እጁ ላይ የሚፈነዳው ለዚህ ነው። ሙሉና ያልተከፈተው ብዙ አያሳስብም።

ሽታን አትመን፤ አፍንጫ ቶሉይንን ከፍንዳታው መጠን እጅግ በታች ይሸተዋል፣ ከዚያ ይለምደዋል። ጋዝ ዲቴክተር ከገዛህ ሴንሰሩ ከወለል 30 ሴንቲ ሜትር፣ ማንቂያው በ20 በመቶ ኤልኢኤል (የዝቅተኛው የመፈንዳት መጠን አንድ አምስተኛ)፣ ካሊብሬሽኑም ለቶሉይን ይሁን፤ በሚቴን የተስተካከለው አሳንሶ ያነብልሃል።

የክፍሉን ንድፍ እዚህ ለጥፍልን፦ በሩ ወዴት እንደሚከፈት፣ የወለል ቦይ ካለ የት እንደሚወጣ፣ ጎረቤት በየት በኩል እሳት እንደሚያነድ። ዞኖቹን እዚያው ላይ እናሰምርልሃለን።