ዳገቱን በእግር፣ ቁልቁለቱን በታክሲ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ 58 ዓመቴ ነው። የደም ግፊት አለብኝ፤ መድኃኒቴን ሳላቋርጥ እወስዳለሁ። ቀኝ ጉልበቴን ደግሞ አርትራይተስ ነው ብለውኛል። እሁድ እሁድ ከጓደኞቼ ጋር ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በእግር እንወጣለን። ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኛል እንጂ ጉልበቴ ደህና ነው፤ ስወርድ ግን አያድርስ! ሐዋሳ ልጄ ጋ ስሄድ ሐይቁ ዳር አንድ ሰዓት ብሄድም ምንም አልሆን። ልጆቼ እንጦጦውን ተይው ይሉኛል። ልተወው?

መልስ፦ አይተዉት። የሚተዉት መውረዱን ነው።

ዳገት ሲወጡ ዋናውን ሥራ የሚሠሩት ልብ፣ ሳንባና የመቀመጫ ጡንቻ ናቸው። ሲወርዱ ልብ ያርፋል። የፊት ጭንዎ ጡንቻ ግን ሰውነትዎን እንደ ፍሬን እየያዘ ነው የሚያወርደው፤ ጫናው የሚያርፈው የጉልበትዎ ሎሚ ሥር ነው። አርትራይተስ ያለበት ጉልበት ይህን አይወድም።

ስለዚህ በእግርዎ ይውጡ፣ ሲመለሱ ታክሲ ይያዙ። ጓደኞችዎ ቢስቁ ሐኪም አዞኝ ነው ይበሉ። በእግር መውረድ ግድ ከሆነ እርምጃዎን ያሳጥሩ፤ ምርኩዝም ይያዙ፣ በግራ እጅዎ። ብዙ ሰው በታመመው እግር በኩል ይይዛል፤ ጉልበቱን የሚያሳርፈው ግን በተቃራኒው በኩል ሲያዝ ነው።

ወደ ትንፋሹ ስንመጣ፣ ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ነው። እንጦጦ አናቱ ላይ 3,000 ያልፋል፤ እዚያ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያገኙት ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል። ዳገቱ ሲጨመርበት ማለክለክ ያለ ነው። እየሄዱ ማውራት ከቻሉ፣ መዝፈን ግን ካቃተዎት ልክ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተዎት ቀስ ይበሉ። ደረትዎን ከጨመቀዎት፣ ሕመሙ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ ከሄደ፣ ወይም ካዞረዎት ግን እዚያው ይቁሙና በቶሎ ወደ ሕክምና ይሂዱ። ድሮ በቀላሉ ይወጡት የነበረው ዳገት አሁን ከከበደዎትም ይታዩ። ግፊት ስላለብዎት የልብ ምርመራ (ኢሲጂ) አድርገው የማያውቁ ከሆነ ሐኪምዎን ይጠይቁ።

ቅር ያለኝ እሁድ ብቻ መሆኑ ነው። የሚመከረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ነው፤ በአምስት ቀን ቢከፈል 30፣ 30 ደቂቃ ይደርሳል። በሌሎቹ ቀናት ሜዳ ላይ፣ ሐዋሳ እንደሚያደርጉት ይሂዱ። አስፋልት ጉልበት ይበላል የሚባለውን አይስሙ። ሶሉ ወፈር ያለ ስኒከር ካደረጉ ለእርምጃ ችግር የለውም፤ የሚከፋው የመኪናው ጭስ ነው። ማለዳ ወይም በውስጥ ለውስጥ መንገድ ይሂዱ። ይልቅ ኮብልስቶን ላይ ይጠንቀቁ፤ ክፍተቱ ቁርጭምጭሚት ያጥፋል።

የጫካው አፈር መንገድ ደግሞ የራሱ ጥቅም አለው። ወጣ ገባ ስለሆነ ቁርጭምጭሚትን ያሠራል፣ ሚዛን መጠበቅን ያለማምዳል። በእርስዎ ዕድሜ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ወድቆ ዳሌ መሰበር ከአሁኑ ነው የሚታሰበው። ጤዛ የነካው የባሕር ዛፍ ቅጠል ግን ያንሸራትታል። በክረምት ጭቃውን ባይሞክሩት እመርጣለሁ።

ጉልበትዎ ካበጠና ትኩስ ከሆነ፣ ወይም ሕመሙ አድሮም ካልለቀቀዎት መንገዱን ያሳጥሩ። አደራ፣ ሕመሙን ለማስታገስ ብለው ዳይክሎፌናክ ከፋርማሲ ገዝተው አይዋጡ። ግፊት ይጨምራል፣ ኩላሊትም ይጎዳል። የሚቀባው ዓይነት ይሻላል፤ እሱንም ቢሆን የግፊት መድኃኒት የሚያዝልዎትን ሐኪም ጠይቀው ይጀምሩ።