ካቻቢቴውን ከማንሳታችሁ በፊት

ልጆቼ፣ በስፌት መኪና እየሰፋችሁ ክሩ ከጨርቁ ስር ሲተበተብባችሁ እጃችሁ ወዴት እንደሚሮጥ አውቃለሁ። ካቻቢቴ አንስታችሁ የቦቢኑን፣ ማለትም የስሩ ክር የሚጠቀለልበትን፣ ቤት ብሎን ታዞራላችሁ። እኔም በእናንተ ዕድሜ እንደዚያው ነበርኩ። አንድ ሌሊት ለማግስቱ የሚደርስ ቀሚስ ይዤ ያቺን ብሎን ሳጠብቅና ሳላላ አደርኩ።

ጥፋቱ ግን ከላይ ነበር። ክሩን ያስገባሁት የጨርቅ መጫኛው እግር ወርዶ ሳለ ነው። እግሩ ሲወርድ ክር የሚያጠብቁት ሁለቱ ክብ ቆርቆሮዎች ይጋጠማሉ፤ ክሩ መሃላቸው አይገባም። ያኔ የላይኛው ክር ይላላና ከስር ይከመራል። እግሩን አንስቼ እንደገና ሳስገባው መተብተቡ ቆመ። ስፌቱ ግን አላማረም። ብሎኑን ስንት ጊዜ እንዳዞርኩት አላውቅማ! እሷን ወደ ቦታዋ መመለስ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

ስለዚህ መጀመሪያ የላይኛውን ክር አውጥታችሁ እንደ አዲስ አስገቡ። ቀጥሎ መርፌውን ቀይሩ። ቦቢኑም የመኪናችሁ ልክ መሆኑን እዩ፤ በዓይን አንድ የሚመስሉ ቦቢኖች በውፍረት ይለያያሉ።

መርፌውን ቀይሩ የምላችሁ በምክንያት ነው። መኪናውን ከኤሌክትሪክ ንቀሉት፣ የስሩን ክዳን ክፈቱ፣ መዘውሩን በእጃችሁ ቀስ አድርጋችሁ ወደ ራሳችሁ አዙሩ። መርፌው እስከ ታች ወርዶ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ሲመለስ ክሩ ከጀርባው ትንሽ ቀለበት ይሠራል። ከስር የሚዞረው መንጠቆ ጫፍ መጥቶ ያቺን ቀለበት ይይዝና በቦቢኑ ዙሪያ ያዞራታል። ጫፉ መርፌውን ሳይነካ ታክኮት ነው የሚያልፈው፤ በመሃላቸው ያለው ክፍተት ከወረቀት ውፍረት ብዙም አይበልጥም። መርፌው ለዓይን የማይታይ ጥመት ካለው መንጠቆው ቀለበቷን ይስታታል፤ ስፌቱም ይዘላል። ይህን አንድ ጊዜ አጎንብሶ ያየ ሰው መኪናውን በጭፍን አይነካካም።

እዚያው ሳላችሁ የተጠራቀመውን የጨርቅ ብናኝ በብሩሽ ጥረጉ። መኪናችሁ ዘይት የሚወስድ ከሆነ ለመንጠቆው አንድ ጠብታ ይበቃዋል።

የቦቢኑ ቤት የሚወጣ ዓይነት ከሆነ በክሩ አንጠልጥሉት። ዝም ብሎ ተንጠልጥሎ፣ ትንሽ ነቅነቅ ስታደርጉት ጥቂት ብቻ ከወረደ ብሎኑን ተዉት። ከተንሸራተተ ወይም ጨርሶ ካልወረደ በመጀመሪያ ብሎኑን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ፤ ከዚያ ከሩብ ዙር ያነሰ አዙሩና እንደገና ሞክሩ።

መርፌ ተሰብሮባችሁ ከነበረ ደግሞ የመንጠቆውን ጫፍ በጥፍራችሁ ዳሱት። ጥፍራችሁን ከያዘው ክሩንም ይበጥሳል። ጫፉ ለስላሳ ሆኖ፣ መርፌውም አዲስ ሆኖ አሁንም የሚዘል ከሆነ መንጠቆው ከሰዓቱ ወጥቷል፣ ማለትም ቀለበቷ ጋ በጊዜው አይደርስም፤ ያኔ ለጠጋኝ ውሰዱት።